ክፍት የተተወ ጆሮ

ግራ ጆሮዋ የተደፈነው ፀጉሯን ታጥባ ቀና ስትል ነው። ውኃ ገባ፤ ገብቶም ቀረ። ጭንቅላቷን አዘንብላ በአንድ እግሯ ዘለለች። በመዳፏ ጠፍ ጠፍ አደረገችው። የፎጣውን ጫፍ ጠምዝዛ ከተተችበት። ምንም ለውጥ የለም። በግራ በኩል ያለው ዓለም ትራስ የተጫነበት ይመስል ድምፁ ከሩቅ ሆነ። “ሲደርቅ ይለቀኛል” ብላ ልብሷን ለብሳ ወደ ሥራ ሄደች።

አልለቀቃትም።

ሴትዮዋ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሽመና ክፍል ተቆጣጣሪ ናት። ፋብሪካው ውስጥ በስሟ የሚጠራት የደመወዝ ክፍል ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ “ራዳር” ይላታል፤ በዕድሜ የሚያንሷት ደግሞ “እትዬ ራዳር”። ስሙ የወጣላት በሥራዋ ነው። የሽመና አዳራሽ ውስጥ ማሽኖቹ በረድፍ ተደርድረው ቀኑን ሙሉ ያጓራሉ። መወርወሪያው ማጉን ይዞ ከዳር ዳር ይላጋል። ሰው ከሰው የሚግባባው በእጅ ምልክትና ከንፈር በማንበብ ነው። ራዳር በዚያ ሁሉ ጩኸት መሐል በመተላለፊያው ስትሄድ ድንገት ቀጥ ትላለች። በጣቷ አንዱን ማሽን ታሳያለች። ማሽኑ ቆሞ ሲፈተሽ መወርወሪያውን የሚመታው ጠፍር ሊበጠስ ምንም አልቀረውም። ቆይቶ ቢሆን ኖሮ ድሩን በሙሉ በጣጥሶ ግማሽ ቀን ሥራ ያስፈታ ነበር።

እንዴት እንዳወቀች ሲጠይቋት መልሷ አንድ ነው። “ድምፁ ኮመጠጠ።”

በሽመና ክፍል አዲስ የገባች ሠራተኛ መጀመሪያ የምትማረው ማሽን ማስነሳት አይደለም፤ ጆሮ መድፈን ነው። ነባሮቹ ከማሽኑ ሥር ከተጠራቀመው ብናኝ ጥጥ ቆንጠር ያደርጋሉ። በምራቅ ያርሱታል። በጣት ጫፍ አድቦልቡለው ይወትፉታል። ሲወጡ አውጥተው በሩ ላይ ይጥሉታል። ፋብሪካው በወግ የገዛው የጆሮ መሸፈኛ በዕቃ ክፍል አቧራ ይጠጣል፤ “ያልባል፣ ራስ ያሳምማል” ብለው ማንም አይነካውም። ተቆጣጣሪዎች ግን ሁለቱንም ጆሮ አይደፍኑም። አንዱን ለማዳመጥ ክፍት ይተውታል። የራዳር ክፍት ጆሮ ቀኙ ነው። ከገባች ጀምሮ ቀኙ ነው።

ስለዚህ ግራው ሲደፈን ብዙም አልደነቃት። ግራው ድሮም ለሥራ አይደለም።

ነገሩ የከበደው ፎርማኑ ሠራተኛውን ሰብስቦ ወሬውን ሲነግር ነው። በሚመጣው ሳምንት የጆሮ ምርመራ አለ። የመስማት መለኪያ መሣሪያ ይዘው የሚመጡ ባለሙያዎች የሽመና ክፍልን ሠራተኛ በሙሉ አንድ በአንድ ይፈትሻሉ። ሁለቱም ጆሮ ይታያል። መስማቱ የቀነሰ ሰው ወደ ማሸጊያ ክፍል ይዛወራል። ቅጣት አይደለም፤ ለጤናው ነው።

ማሸጊያ ክፍል ተቀምጠው አንሶላ የሚያጥፉበት ነው። ሥራው ቀላል ነው፣ ወንበር አለ፣ መስኮት አለ። ራዳር ግን እዚያ ስትገባ ራዳር መሆኗ ይቀራል። አንሶላ ማጠፍ ጆሮ አይፈልግም። በዚያ ላይ ማሸጊያ ክፍል የባሏ እህት ግዛት ነው። ይህች የባሏ እህት የነራዳር ልጅ አድጋ ሥራ ይዛ ደመወዝ መቀበል ከጀመረች በኋላ እንኳ “ሙሽሪት” ማለቷን አልተወችም፤ ስትላትም አፏን ሞልታ፣ ሰው እንዲሰማ አድርጋ ነው። ወሬውን እንደሰማች ምሳ ሰዓት ላይ ብቅ አለች። “ሙሽሪት፣ ከመስኮቱ አጠገብ ቦታ ይዤልሻለሁ” አለቻት። “ፀሐይም ያገኘዋል።”

ራዳር እንዳልሰማች ሆነች። ለነገሩ በግራ በኩል ስለነበር ግማሹን አልሰማችውም።

ማታ ቤቷ ገብታ ለባሏ ነገረችው። ባሏ ሴራሚክ አንጣፊ ነው። የተደፈነ ነገር ካየ እጁ አያርፍም። የስልኩን መብራት አብርቶ ጆሮዋን አየና “ጨለማ ነው” አለ።

“ጨለማ መሆኑንማ እኔም አላጣሁትም።”

“ኩክ ነው እንግዲህ። ኩክ ቆሻሻ ነው፤ ቆሻሻ ይጠረጋል” ብሎ ከልጃቸው መስታወት ፊት ጫፍና ጫፉ ጥጥ የሆነውን የጆሮ ማፅጃ እንጨት አመጣላት። ራዳር አንዱን ወስዳ ጆሮዋ ውስጥ አዞረችው። ጫፉ ቢጫ ሆኖ ወጣ። ደስ አላት፤ የሚወጣ ነገር ካለ መፍትሔ አለ ማለት ነው። ሁለተኛውን ትንሽ ጠለቅ አድርጋ አዞረች። ውስጥ የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ፤ ልክ በር ቀስ ብሎ እንደሚገጥም። ከዚያ በኋላ የቀረችው ጭላንጭልም ጠፋች።

ልጃቸው ስልክ መሸጫ ውስጥ ነው የምትሠራው። ገብታ የሆነውን ስትሰማ ራሷን ያዘች። ይሄ እንጨት ኩኩን ወደ ውስጥ ይጠቀጥቀዋል እንጂ አያወጣውም አለች። ማሸጊያውን ገልብጣ በጥቃቅን ፊደል የተጻፈውን አሳየቻቸው፤ ጆሮ ውስጥ እንዳይገባ ይላል።

አባትየው ማሸጊያውን ተቀብሎ ወደ ዓይኑ አስጠጋ። “ጆሮ ውስጥ የማይገባ ከሆነ የጆሮ ብለው የሚሸጡት ለምንድን ነው?”

ማሸጊያው ወደ መስታወቱ ፊት ተመለሰ።

ልጅቷ ስልኳን አወጣች። ስክሪኑ ላይ አንዲት ሴት በጎኗ ተኝታ፣ ጆሮዋ ላይ ባዶ ሻማ ተተክሎ፣ ጫፉ እየነደደ፣ ፈገግ ትላለች። ሻማው ኩኩን ስቦ ያወጣል ተብሏል። ሲጨርስ ተሰንጥቆ ታየ፤ ውስጡ ቡናማ ነገር ሞልቷል። ራዳር አፏን ከፍታ ቀረች። ልጅቷ ጣቷን ወደ ላይ ስታንሸራትት ሌላ ሰው መጣ። እሱ ደግሞ ሻማውን ባዶ ብርጭቆ ላይ ተክሎ አነደደው። ያው ቡናማ ነገር ወጣ። የሻማው የራሱ ቅሪት ነው፤ ጆሮ ከማቃጠል በቀር ጥቅም የለውም አለ።

“አንዱ ስልክ ነው ሁለቱንም የሚለው?” አለች ራዳር።

“አንዱ ስልክ ነው፣ እማ።”

“እና የትኛውን ልስማ?”

በማግስቱ ምክሩ ከየአቅጣጫው ጎረፈ። የሰፈሩ ፀጉር ሠሪ የፀጉር ሽቦ ቀና አድርጋ ጫፉን በጥጥ ጠቅልላ ጠበቀቻት፤ ከአንድ ልጅ ጆሮ ባቄላ ያወጣሁት በዚህ ነው ብላ ማለች። ፀጉሯን ልትሠራ የገባችው ራዳር ግማሹ እንደተጠቀለለ አምልጣ ወጣች። አንዷ ሸማኔ የነጭ ሽንኩርት ጭማቂ አለቻት። ሌላዋ አፍና አፍንጫ ይዞ መንፋት። ጋራዥ የሚሠራ ወንድም ያላት ሦስተኛዋ ደግሞ የጎማ መንፊያው አየር አንድ ጊዜ ፉ ቢልበት ያልቃል አለች፤ ቀልድ ይሁን የምር ፊቷ አያስታውቅም። ራዳር ውሉ የጠፋ ልቃቂት የያዘች ያህል ተሰማት። ከየትም ብትስብ ይቋጠራል።

በመጨረሻ ወደ ፋብሪካው ክሊኒክ ሄደች።

ክሊኒኩ ከማሞቂያ ክፍሉ ጀርባ ያለች አንዲት ጠባብ ክፍል ናት። ነርሷን ሁሉም “ሲስተር” ይላታል። ሲስተር አዳመጠቻት፤ ከዚያም የጆሮ ማያ መሣሪያውን አንስታ ማብሪያውን ተጫነች። አልበራም። አምፖሉ ተቃጥሏል፤ ምትኩ ከታዘዘ ቆይቷል። መሣሪያውን መልሳ አስቀመጠችና በጥያቄ ቀጠለች። ጆሮሽ መግል አውጥቶ ያውቃል? አያውቅም። ታምቡሩ ተቀዶ ያውቃል፣ ኦፕሬሽን ተደርጎለት ያውቃል? አያውቅም። ሕመም? የለም። ውስጡ የገባ ነገር አለ?

“የለም” አለች ራዳር። የልቧን ነው የተናገረችው።

ሲስተርም መልሱን ይዛ መከረቻት። ኩክ ቆሻሻ አይደለም፤ አቧራና ተባይ እንዳይገባ ጆሮ ራሱ የሚሠራው ነው። ጊዜውን ጠብቆ በራሱ ወደ ውጭ ይወጣል። የሰው ድርሻ ውጭውን በእርጥብ ጨርቅ ማበስ ብቻ ነው። እንጨት፣ ሽቦ፣ ቁልፍ፣ ጥፍር፣ ምንም አይገባም። ደርቆ ከደፈነ ግን ንጹሕ የምግብ ዘይት በሰውነት ሙቀት ልክ ለብ አድርጎ፣ በጎን ተኝቶ፣ ጥቂት ጠብታ ማድረግ ነው። ትንሽ ቆይቶ ተገልብጦ የሚፈሰውን ማበስ። ጠዋትና ማታ፣ ለጥቂት ቀን። ሲለሰልስ በራሱ ካልወጣ ለብ ባለ ውኃ ቀስ ብሎ ማጠብ ይቻላል፤ ቀዝቃዛ ውኃ ግን በፍጹም፣ በኃይልም በፍጹም። ካመመሽ ሁሉንም አቁመሽ ነይ።

ራዳር ግራ እንደገባት ቆመች። “ራሱን ያፀዳል ካልሽ ዘይቱ ለምንድን ነው?”

“ራሱን ያፀዳል” አለች ሲስተር። “አንዳንዴ ግን አያፀዳም።”

ይሄኛውን ምክር ራዳር ሳታዛንፍ ያዘችው። ዘይቱን በማንኪያ ለብ አድርጋ፣ ክንዷ ላይ ለክታ፣ በጎኗ ተኝታ ባሏ ጠብ ያደርግላታል። ከዚያ ተገልብጣ ትጠብቃለች። የሚፈስ ነገር የለም። በማግስቱም እንዲሁ። ዘይቱ ይገባል፤ ገብቶ ይቀራል። ጆሮዋ ከበዳት። ስትራመድ ጭንቅላቷ በአንድ በኩል የተጫነ ጆንያ መሰላት።

“የት ነው የሚሄደው?” አለችው ባሏን።

“ወደ ሌላኛው እየተሻገረ እንዳይሆን።”

አልሳቀችም። ተነስታ ሥራ ሄደች። አዳራሹ በር ላይ እንደ ሁልጊዜው ከብናኙ ቆንጥራ፣ አርሳ፣ አድቦልቡላ ግራ ጆሮዋን ወተፈች። ይህን ስታደርግ አላሰበችበትም። ጫማ ሲያስሩ ማን ያስባል።

ምርመራው ቀረበ። ባሏ ትዕግሥቱ አለቀ። ዘይቱ አለስልሷል፣ አሁን ማጠብ ነው አለ። ከመድኃኒት ቤት መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ገዝቶ መጣ። መታጠቢያው ላይ አጎነበሳት። ውኃውን ከቧንቧው ቀዳ፤ ለብ ማድረጉን ረሳው። ቧንቧ ሲከፍት እንደለመደው አውራ ጣቱን ጫን አደረገ።

መጀመሪያ ቅዝቃዜው አንጎሏ ድረስ የገባ መሰላት። ቀጥሎ ግድግዳው መዞር ጀመረ። እሱ ራሱ ያነጠፋቸው ነጫጭ ሴራሚኮች ተራ በተራ እየተነሱ ወደ ጣሪያው ሄዱ። የመታጠቢያውን ጠርዝ በሁለት እጇ ይዛ ቁርሷን አስመለሰች። ባሏ ሲሪንጁን ጥሎ ደገፋት። ወለሉ ላይ አስቀምጦ ስሟን እየደጋገመ ይጠራታል፤ የምትሰማው ግን ከንፈሩን እያየች ነው። ዓለም ቀጥ እስኪልላት ጊዜ ወሰደ። ቀጥ ሲል ጆሮዋ ማመም ጀምሮ ነበር።

“ሲስተር ለብ ያለ ብላ ነበር” አለችው።

ባልየው ሲሪንጁን ከወለሉ አንስቶ ቆሻሻ ውስጥ ከተተው።

እያመማትም ሥራ ገባች። እዚያ ደግሞ አዲስ ነገር ገጠማት። ድምፅ አቅጣጫ ጠፋው። ከኋላ የሚመጣው ከፊት ይመስላል። ከግራው ረድፍ የሚጮኸው ከቀኙ። በመተላለፊያው መሐል ቆማ የኮመጠጠ ድምፅ ሰማች፤ እርግጠኛ ነበረች። በጣቷ አሳየች። ሸማኔዋ ማሽኗን አቆመች። መካኒኩ ከፍቶ አየ። ጠፍሩ ደኅና ነው፣ መወርወሪያው ደኅና ነው፣ ድሩ ደኅና ነው። እነሱ ያንን ሲፈትሹ ከጀርባዋ ያለው ማሽን ድሩን በጣጥሶ ቆመ። ሸማኔዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሽመና ክፍል ውስጥ ሰው በዓይን ነውና የሚያወራው፣ ራዳር የተባለውን ሁሉ አነበበች።

ፎርማኑ ወደ ውጭ ጠራት። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻላት ነበር። “ከምርመራው በፊት በራስሽ ፈቃድ ማሸጊያ ብትገቢ ይቀልሻል” አላት። “ወድቃ ወጣች ከሚሉሽ።”

ከፎርማኑ ዘንድ በቀጥታ ወደ ክሊኒክ ሄደች። ሲስተር ሕመም የሚለውን ቃል ስትሰማ ብዕሯን አስቀመጠች። ስለ ሲሪንጁ፣ ስለ ቧንቧው ውኃ፣ ስለ ግድግዳው መዞር ራዳር አንድ ሳታስቀር ነገረቻት። “በቃ” አለች ሲስተር፤ “አሁን ቤት ውስጥ የሚሠራ ነገር አልቋል” ብላ ዕለቱን ወደ ጆሮ ሐኪም ላከቻት።

ሐኪሙ ግንባሩ ላይ መብራት ያሰረ ወጣት ነው። ጆሮዋን ወደ ኋላ ሳብ አድርጎ አየ። ደግሞ አየ። “እናቴ፣ እንዳይንቀሳቀሱ” ብሎ ቀጭን መቆንጠጫ አነሳ። ራዳር የወንበሩን እጀታ ያዘች። የሆነ ነገር ሲሳብ ተሰማት፤ ረጅም፣ የማያልቅ፣ ከአንገቷ ሥር የሚመዘዝ የሚመስል። ከዚያ ቧ አለ። ዓለም ተከፈተ። የመቆንጠጫው ብረት ሳህኑን ሲነካ ድምፁ ሰነጠቃት። የሐኪሙ ጫማ፣ የወረቀት መንኮሻኮሽ፣ ኮሪደር ላይ የሚያልፍ ሰው ቁልፍ። ሁሉም በአንድ ጊዜ፣ ሁሉም በግራ።

ሐኪሙ ሳህኑን አሳያት። ዘይት የጠጣ፣ ውኃ ያሳበጠው፣ ቡናማ ድቡልቡል። በመቆንጠጫው ሲበረግደው ንብርብር ሆነ።

“ይሄ ኩክ ብቻ አይደለም” አለ። “ጥጥ ነው።”

“የኔ አይደለም።”

ሐኪሙ አንዱን ንብርብር በመቆንጠጫው ገለጠላት።

“እኔ ጥጤን ሁልጊዜ ማታ አወጣለሁ” አለች። “በር ላይ ነው የምጥለው።” ይህን እያለች ግን ድምፏ ወረደ። የምታወጣው የተያዘላትን ነው። ተበጥሶ ስለሚቀረው አስባ አታውቅም። የዛሬው ቅሪት ላይ የነገው ይወተፋል፤ የነገው ላይ የከነገ ወዲያው። ሲስተር ዘይት ካለቻት በኋላ እንኳ ዘይቱ ላይ ወትፋለች።

“የላከችዎት ነርስ፣ የገባ ነገር አለ ወይ ብላ አልጠየቀችዎትም?”

“ጠይቃኛለች።”

“ታዲያ?”

“ጥጥ እንደ ነገር አልቆጠርኩትም።”

ሐኪሙ ሊስቅ ብሎ ተወው። የሲስተር ምክር ልክ ነበር አላት፤ ለኩክ። የገባ ነገር ባለበት ጆሮ ግን ዘይትም ውኃም ነገሩን ያሳብጠዋል። የጆሮዋ ቀዳዳ ተልጧል፤ ጠብታ ያዘላት። ታምቡሩ አልተነካም፤ እድለኛ ናት። እስኪድን ድረስ ውኃ እንዳይገባበት፣ ጥጥ ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ እንዳይገባበት። “ጆሮ ውስጥ ምንም” አለ፤ ቀጥሎም እንደ ሲስተር “ጠብታው ሲቀር” ብሎ ጨመረበት።

ቤት ስትገባ ቀጭን የሚያፏጭ ድምፅ ሰማች። ማድቤት ገባች፣ ወጣች፣ መስኮት ዘጋች። “ይሄ ምንድን ነው?” አለችው ባሏን።

“ፍሪጁ ነዋ።”

“ከመቼ ጀምሮ?”

“ከገዛነው ጀምሮ።”

ቀኝ ጆሮዋን ወደ ፍሪጁ አዞረች። ድምፁ ጠፋ። ግራውን አዞረች። ተመለሰ። ፍሪጁ ነው የሚጫወትባት ወይስ ጆሮዋ? መልሱን ሳታገኝ ተኛች።

የምርመራው ቀን ደረሰ። መርማሪዋ አጭር ሴት ናት። የስልክ ማነጋገሪያ ክፍል በምታክል ጠባብ ሳጥን ውስጥ አስቀመጠቻትና ማዳመጫ ጭና ቁልፍ አስያዘቻት። ድምፅ ስትሰሚ ተጫኝ አለቻት። ራዳር ግራው ያሳስባት ነበር፤ ገና አልዳነም። ግራው ላይ ድምፆቹ እንደ ጠብታ ቲፕ፣ ቲፕ እያሉ መጡ፤ ተጫነች፣ ተጫነች። ቀኙ ሲደርስ ዘና አለች። ይሄ የሥራ ጆሮ ነው። ጠበቀች። ዝምታ። መርማሪዋ ገና አልጀመረች ይሆናል ብላ ጠበቀች። ከዚያ አንድ ወፍራም ድምፅ መጣ፤ ተጫነች። እንደገና ረጅም ዝምታ። በመስታወቱ በኩል የመርማሪዋ እጅ ሲንቀሳቀስ ታያለች። ያ እጅ ምን እያደረገ ነው?

በሩ ሲከፈት መርማሪዋ በኮምፒውተሩ ላይ ሁለት መስመር አሳየቻት። የግራው ከላይ በኩል ቀጥ ብሎ ይሄዳል። የቀኙ መሐል ላይ ሲደርስ ገደል ገብቷል።

“ገመዱን አዘዋውረሽዋል” አለች ራዳር።

“አላዘዋወርኩም።”

“የታመመው ግራው ነው። የሚሰማው ቀኙ ነው። እኔ እኮ በቀኝ ነው የምሠራው።”

መርማሪዋ የለመደችው ነገር ስላልሆነ እሷም ተጠራጠረች። ማዳመጫውን አገላብጣ፣ የቀኙን ቀይ በግራው ሰማያዊ ቦታ አድርጋ ደገመችው። ሲስተርም መጥታ በመስታወቱ ታያለች። ውጤቱ ያው ነው። ግራው ደኅና፣ ቀኙ ገደል።

ያስረዳቻት ሲስተር ናት። ቀስ ብላ፣ በግራዋ በኩል ቆማ። ግራሽን ስትደፍኚው ኖረሻል፤ አደፋፈኑ መጥፎ ነበር፣ ቢሆንም ጩኸቱን ከልክሎታል። ቀኝሽን ለማዳመጥ ብለሽ ክፍት ተውሽው። ጩኸቱ ቀን በቀን ትንሽ በትንሽ በላው። የሚበላው ደግሞ መጀመሪያ ቀጫጭኑን ድምፅ ነው፤ ስለዚህ አልታወቀሽም። ግራሽ ታፍኖ ስለነበር ቀኝሽ ጎበዝ መሰለሽ።

“ታዲያ እስካሁን ማሽኖቹን የማዳምጠው በምኔ ነበር?” አለች ራዳር።

ሲስተር ወደ ሁለቱ መስመሮች ተመልሳ አየች።

ራዳር ሽመና ክፍል የምትቀጥለው ሁለቱንም ጆሮዋን በፋብሪካው መሸፈኛ ከሸፈነች ብቻ ነው ብላ ሲስተር ለፎርማኑ ነገረችው። ከዚህ በኋላ የቀኙን የሚመልስ የለም፤ ያለውን መጠበቅ ነው። ፎርማኑ እጆቹን ዘረጋ። “ሁለቱንም ከድናስ ምን ትሰማልኛለች? ክዳን የተገጠመበት ራዳር አያስፈልገኝም።” የማሸጊያውን ዝውውር ለመጨረስ ስልክ አነሳ።

“ዛሬን ልሞክር” አለች ራዳር። “ካልሆነ ራሴው ሄጄ አንሶላ አጥፋለሁ።”

ስልኩን አስቀመጠ።

መሸፈኛውን አቧራውን አራግፋ አደረገችው። ወደ አዳራሹ ስትገባ ጩኸቱ ሩቅ አገር ሄደ። እግሯ ሲረግጥ እንኳ ለራሷ አይሰማትም። ሸማኔዎቹ መሸፈኛውን አይተው ፈገግ አሉ፤ አንዷ በምልክት “አውሮፕላን ልትነጂ ነው?” አለቻት። በመጀመሪያው ዙር አንድ ክር አፍንጫዋ ሥር ተበጥሶ አላየችውም። በሁለተኛው ዙር እጇ በልማድ ቀኙን ገለጥ አደረገ። ጩኸቱ ጎረፈ፤ ጩኸት ብቻ ነው፣ ውስጡ ምንም የሚለይ ነገር የለም። መልሳ ከደነችው። ፎርማኑ በሩ ላይ ቆሞ ያያል።

ወደ መውጫው ስትቃረብ ቆመች። ለምን እንደቆመች አላወቀችም። ድምፁ አልኮመጠጠም፤ በግራዋ በኩል ከድምፆቹ ሥር ቀጭን ነገር ያለ መሰላት፤ ወይም ወለሉ በጫማዋ ሥር እንደወትሮው አልነዘራትም። ሁለት ጊዜ ልታልፈው ፈለገች። ባለፈው ያሳየችው ጣት ትዝ አላት። በመጨረሻ እጇን ግማሽ ድረስ አንስታ፣ እንደሚጠይቅ ሰው፣ በግራዋ ያለውን ማሽን አሳየች።

መካኒኩ እያቅማማ ከፈተው። ጠፍሩን አየ፤ ደኅና ነው። መወርወሪያውን አየ፤ ደኅና ነው። ሊዘጋው ሲል ቆመና እጁን ወደ ውስጥ አስገብቶ አንድ ብሎን በጣቱ አዞረ። በጣት ዞረ። በጣት መዞር አልነበረበትም። ቁልፍ አምጥቶ አጠበቀው።

ፎርማኑ መጥቶ ብሎኑን ነካ ነካ አደረገ። ለብሎን ብለሽ ማሽን ማስቆም ነበረብሽ ወይ የሚል ፊት ነበረው። ከዚያ በራዳር ግራ በኩል ዞሮ መሸፈኛውን በጣቱ አነሳ አደረገና “ነገም አድርጊው” ብሎ ሄደ።

ይህ ሹመት ይሁን ማስጠንቀቂያ ስትወጣም አልለየላትም። ማሸጊያ ግን አላላትም።

በር ላይ የባሏ እህት ደርሳባት አብራት መሄድ ጀመረች። በቀኝ በኩል ስለነበረች ራዳር ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ነው ያየችው። በአንድ እጇ የእስክሪብቶ ክዳን ይዛ ጆሮዋ ውስጥ ታሽከረክራለች።

ራዳር ክንዷን ይዛ አስቆመቻት። “በግራዬ ዙሪና ድገሚልኝ።”

ሴትዮዋ ዞረች። “ጆሮዬን ያሳክከኛል አልኩሽ። አንቺ አሁን ሐኪም ቤት ደርሰሻል፤ ምን ልጨምርበት?”

ራዳር መልስ ልትሰጥ አፏን ከፈተች፤ እንጨቱ፣ ሻማው፣ ዘይቱ፣ ውኃው ሁሉ በአንድ ጊዜ መጡባት። ከሁሉም የምታምነው አንድ ብቻ አገኘች።

“መጀመሪያ ክዳኑን አውጪ” አለቻት። “ከዚያ ለሲስተር አሳዪ። ውስጡ የገባ ነገር አለ ወይ ስትልሽ፣ አስበሽ መልሺ።”